ቀዳዳ ያለው የዋንዛ ሳጥን

ሞጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ለውድ ወንድሜ ለስማቸው፤

የሞጣው ጊዮርጊስ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ ከሰው አገር ክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን አለን። ያስቸገረን የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

አባባ ከመስከረም ጀምሮ ከቢቸና ወጥተው እኔ ዘንድ ሞጣ ናቸው። ግራ ጎናቸውን ደክሟቸዋል። ባለቤቴ ገብረ ሕይወት ከጤና ጣቢያው መድኃኒት እያመጣ ያሻቸዋል፤ በከዘራ ከበር እስከ አጥር ይራመዳሉ። ጣታቸው ግን አልታዘዝ ብሏል፤ በገናው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ታውቃቸዋለህ፣ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ያለ በገና ጾምን እንዴት እንደሚገፉት አላውቅም።

በዚህ ላይ ደግሞ ያንተ ቴፕ መጣብኝ። ለጉዞህ ስትነሣ ቢቸና ቤታችን የቀረጽከውን በገና ለማጽናኛ ይሆናቸዋል ብዬ ከፈትኩላቸው። ጥቂት ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ። «ይኼ እኔ አይደለሁም፤ ይኼ ቅል ውስጥ የገባ ዝንብ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀጫጭኖቹ አውታሮች ይሰማሉ፤ ወፍራሞቹ ጋ ሲደርስ ዝዝዝ ብቻ ነው የሚቀረው። «ወፍራሞቹን የት ጣልሻቸው?» ብለው ይቆጡኛል፣ እኔ ቀምቼ የደበቅኋቸው ይመስል።

ትናንት ግን ቁጣው ቀርቶ፣ «እጄ ከእንግዲህ አይመለስም፤ ያንን ወፍራም አውታር አንድ ጊዜ በጆሮዬ ሰምቼ ብሞት» ብለው አለቀሱ። እኔ የአባባን እንባ ማየት አልችልም። አንተ የተማርከው የሬድዮ ሥራ ነው፤ እባክህ አንድ ነገር በል።

ሌላም አለ። የቴፑ ክር መጀመሪያ ላይ ጥ፣ ጥ፣ ጥ የሚል ነገር አለበት፤ ከዚያ አባባ «ኧረ በቃሽ!» ብለው ይቆጣሉ፤ ከዚያ በገናው ይጀምራል። ማንን እንደተቆጡ ብጠይቃቸው አያስታውሱም። ድመቷን ይሆናል ብለን ሳቅን።

እህትህ ይርጋነሽ ሣህለ ማርያም


ሽቱትጋርት፣ ኅዳር 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእህቴ ለይርጋነሽ፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከፖስታው ላይ የሞጣ አቧራ የሸተተኝ መሰለኝ። ጤና ይስጥልኝ። ለአጎቴ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ በያቸው። እዚህ ብርዱ የጮቄ ተራራን ያስንቃል፤ እኔ ግን ደህና ነኝ፣ ሥራውንም ለምጄዋለሁ።

አጎቴ አልተሳሳቱም። በገናውም፣ ቅጂውም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የቴፑ አፍ ነው። ውስጡ ያለው ስፒከር የመዳፍ ያህል ነው፤ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል። ትንሹ ስፒከር ይሞክራል፣ ግን አቅም የለውም። ወፍራሙ አውታር ክሩ ላይ አለ፤ አልጠፋም፤ የሚያወጣው አጥቶ ነው እንጂ።

ስለዚህ የሰሐን ያህል ስፋት ያለው ስፒከር በሰው እልካለሁ። ብቻውን አትክፈቺው። ስፒከር ወደ ፊት እንደሚጮኸው ወደ ኋላም ይጮኻል፤ ሁለቱ አየር ላይ ሲገናኙ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፉታል። መለያያ ሳጥን ያስፈልገዋል። ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ ውስጡ ሦስት የጋዝ ቆርቆሮ የሚይዝ ይሁን፤ መጋጠሚያው አየር እንዳያሳልፍ ይደፈን። ፊቱ ላይ ለስፒከሩ አንድ ትልቅ ቀዳዳ፣ ከሱ በታች ደግሞ ብርጭቆ የሚያስገባ ሌላ ቀዳዳ ይውጣለት። ሥዕሉን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

ጥ ጥ የሚለውን አትስሚው፤ ክሩ ሲነሣ የሚያሰማው ይሆናል። ያን ቀን እኔ «መሣሪያው ትንፋሽ እንኳ አይስትም» ብያቸው ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። እንደዚያ የጠራ ቅጂ እዚህም አልሠራሁም። በገናውን ብቻ ገልብጬ ይዣለሁ፤ ጓደኞቼን እያሰማሁ እኮራበታለሁ።

እናትሽ እትዬ ሀብትነሽስ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ብፈልግ ስሟን አጣሁት። አጎቴ አንቺ ዘንድ ከሆኑ የቢቸናውን ቤት ብቻዋን ነው የያዘችው? እናቴ ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ አይደለችም እንዴ? ሰላምታዋን አትንፈጊኝ።

ወንድምሽ ስማቸው


ሞጣ፣ የካቲት 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለስማቸው፤

የሁዳዴውን ጾም በሰላም ያስጀምርህ። በሰው አገር ጾም ይከብዳል አሉ፤ ብትችል ዓርብንና ሮብን እንኳ አትተው።

ስፒከሩ ደርሷል። ዓባይ ድልድይን በጭነት መኪና ተሻግሮ፣ ከደጀን እስከ ቢቸና በአቧራ ታሽቶ፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ነው የመጣው። አባባ ፈትተን ስናሳያቸው የፊቱን ወረቀት በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ይኼ ነው እንግዲህ ጉሮሮው» አሉ።

ሳጥኑን የሠራው ፋንታ አናጢው ነው፤ የኛ ሠፈር በርና የሬሳ ሳጥን ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። ሥዕልህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ዋንዛ መረጠ። «በገናው ዋንዛ ነው፤ ድምፁ ቤቱን ይወቅ» አለ። በቆርቆሮ ስንዴ እየሰፈረ ሦስቱን አስገባበት፤ ልክ ሆነ። መጋጠሚያዎቹን በጧፍ ሰም ደፈነ። እንዲያ ያለ ያማረ ሳጥን ሞጣ አልታየም፤ ጎረቤት እየመጣ ይዳስሰው ነበር።

ገብረ ሕይወት ሽቦውን አያያዘ፤ አባባን በጋቢ ጠቅልለን ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ያን ሁሉ ደክመን የወጣው ድምፅ አፉን እንደታፈነ ሰው ድምፅ ሆነ። ከዝንቡ ይሻላል፤ ወፍራሙ አውታር ግን የለም። አባባ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡና ወጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኋላ ሳየው ለካ ፋንታ ታችኛውን ቀዳዳ ደፍኖታል! ደግሞ እንዲሁ አልደፈነውም፤ ልክክ ያለ ክብ እንጨት አስገብቶ መስቀል ቀርጾበታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «እትዬ ይርጋነሽ፣ ከእኔ እጅ ቀዳዳ ሳጥን አይወጣም። ነገ ገበያ ላይ ምን ሊሉኝ ነው? ደግሞስ አየር አይለፍበት ብለሽ ሰሙን ሁሉ ካስጨረስሽኝ በኋላ ቀዳዳ ምን ይሠራል?» አለኝ። ያ ቀዳዳ የግድ ነው ወይስ ለጌጥ ነው?

የቢቸናውን ቤት ዘመዶች እየጠበቁት ነው፤ አታስብ።

እህትህ ይርጋነሽ


ሽቱትጋርት፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይርጋነሽ፤

ለመጪው ፋሲካ አምላክ በሰላም ያድርሰን። ፋንታን ሳቅሁበት፣ ከዚያ ራሴን ወቀስኩ፤ የቀዳዳውን ምክንያት ሳልነግረው ሥራ ብቻ አዘዝኩት።

እንዲህ በይው። ብርሌ ያምጣና አፉ ላይ እፍ ይበልበት። ብርሌው ይጮኻል። የሚጮኸው ውስጡ ያለው አየር ነው፤ አንገቱ ባይኖር ዝም ይል ነበር። ሳጥናችንም እንደዚያ ነው። ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚጮኸውን ሳጥኑ ይይዘዋል፤ በታችኛው ቀዳዳ በኩል ደግሞ ዘግይቶ ይለቀዋል፤ ያኔ የፊቱን ያግዘዋል እንጂ አያጠፋውም። አየር በመጋጠሚያ ቢሾልክ ይባክናል፤ በዚህ በር ቢወጣ ግን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ የፋንታ መስቀል ይውጣ። ይቅርታ ይጠየቅልኝ።

ቀዳዳው ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባ ቱቦ አድርጉበት። ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፤ ሲያጥር ይወጣል። ከሦስት ጣት ጀምሩ፤ ካልበቃ እያስረዘማችሁ ሞክሩ። ከስንዝር ግን አትለፉ። አጎቴ ይፍረዱ፤ የአውታሩን ልክ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ ጋር ለእትዬ ሀብትነሽ የሱፍ ሻል ልኬአለሁ። ቡናማ ነው፤ ደማቅ ቀለም እንደማትወድ አውቃለሁ። የቢቸና ጠዋት ለደረቷ አይሆንም። ይርጋነሽ፣ አሁንም ስሟን አልጻፍሽልኝም። ታማ ከሆነ ንገሪኝ። ደብዳቤ አዘግይቼ ተቀይማኝም ከሆነ ንገሪኝ፤ ለራሷ ጽፌ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ወንድምሽ ስማቸው


ሞጣ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስማቸው፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ደብዳቤ ብቻህን ከሆንክ አሁን አታንብበው፤ የአገር ልጅ ፈልግና አጠገብህ አስቀምጥ።

ያንተ ደብዳቤና ሻሉ የደረሱኝ ሰኔ ላይ ነው። ክረምቱ መንገዱን ዘጋው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ግን መስከረምም ጠባ፤ እኔ ነኝ እጄ አልጽፍ ያለኝ።

ሳጥኑን ልንገርህ፣ ከዚያ ሌላው ይመጣል። ፋንታ ብርሌው ላይ እፍ ሲል እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ መስቀሉን በራሱ እጅ አወጣውና ለቤታችን በር ቸነከረው። ቱቦውን ከሮብ ገበያ በመጣ ወፍራም ቀርቀሃ ሠራው፤ አንጓውን ከውስጥ አፍርሶ፣ በልዩ ልዩ ርዝመት ቆርጦ። የሦስት ጣቱን ስናስገባ አውታሩ ሁሉ እንደ ከበሮ አንድ ዓይነት ሆኖ ጮኸ። አባባ «ገና ነው፤ ገና አልወረደም» አሉ። ቀጣዩን ስናስገባ ወፍራሙ አውታር መጣ። ስማቸው፣ መጣ! አባባ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የታመመው እጃቸው ጋቢው ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ እዚያው በቃ ባልኩ ኖሮ።

እሳቸው ግን «አሁንም ሌላ ከሥሩ አለ፤ ጨምሩበት» አሉ። ፋንታ የስንዝሩን አስገባ፤ እኔም ክሩን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ያ ጥ ጥ ስንለው የነበረው ነገር ጥ ጥ አይደለም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል። መሬቱ ነው የሚናገረው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ። ከዚያ የአባባ «ኧረ በቃሽ!» መጣ፤ ዱም ዱሙ ቆመ።

አባባ እጃቸውን አነሡ። «መልሺው» አሉ። መለስኩት። «ሀብትነሽ ናት» አሉ። «ሙቀጫው ነው። ጌሾ እየወቀጠች ነው፤ ለልጁ ለሽኝቱ ጠላ።»

ወንድሜ፣ ለአንተ ሽኝት ነበር። እኔ ያኔ ሞጣ ስለነበርኩ አላወቅሁትም።

እንግዲህ የቀረውን ገምተኸዋል። ሻሉን የምትለብሰው የለችም። እናታችን በ1961 ነሐሴ ላይ አረፈች። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው። መልእክተኛ ሲመጣልኝ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ማዶ ላይ ቆሜ ሲጎድል ስጠብቅ ቀበሯት። አፈር እንኳ አላለበስኳት። ለአንተ ደግሞ ሽማግሌዎቹ «ለብቸኛ ሰው በወረቀት መርዶ አይላክም፤ ሲመጣ ከወገን መካከል ይረዳ» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። አንተ በየደብዳቤው ስትጠይቀኝ፣ እኔ እንዳላየ ሳልፈው፣ ዕንቅልፍ አጣሁ። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ያለቀስኩት ሁሉ ብቻዬን መሆኑ ይቆጨኛል፤ አብረን ልናለቅስላት ይገባን ነበር።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ በገናውን መስማት ትተዋል። መጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያስመልሱኝ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ «ኧረ በቃሽ!»። «መልሺው» ይላሉ። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን «ለአርባ ዓመት አብስላ ስታበላኝ፣ የቀረኝ ይኼ ቁጣ ነው?» አሉኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር አስበዋል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ያልነበረ ነገር ሲወጣ በጆሯቸው ሰምተዋል። ስለዚህ ቢጨመርበት፣ ካቆመችበት በኋላ ያለውም የሚወጣ መስሏቸዋል። «ስማቸው ሁሉም ክሩ ላይ አለ ብሏል» ይላሉ። ፋንታን የክንድ ቱቦ አሠርተውታል። አልሆነም፤ ሳጥኑ ይታፈናል። «ልኩን ልጁ ያውቀዋል፤ ጻፊለት» ብለውኛል። እኔ አይሆንም ማለት አቃተኝ። አንተ ንገራቸው።

እህትህ ይርጋነሽ


ሽቱትጋርት፣ ኅዳር 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይርጋነሽ፤

የአገር ልጅ እዚህ የለኝም። ብቻዬን ነው ያነበብኩት። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ድምፄን ሰምተው መጡ፤ ቋንቋዬን ሳያውቁ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንቺን አልተቀየምኩም። እዚያ ብሆን እኔም ሽማግሌዎቹን እሺ እል ነበር። ግን ሻል ስመርጥ፣ በስሟ ስጠቀልለው፣ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ቅጂዬ የጠራ ነው እያልኩ ስኮራ የኖርኩት እሷን ጸጥ በማሰኘታችን ነበር። ትወቅጥ ብዬ ብተዋት ምን ነበረበት?

የሚከተለውን ለአጎቴ አንብቢላቸው።

አጎቴ ሆይ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እኔንም። ቱቦው ከስንዝር ቢያልፍ ድምፁ ይታፈናል እንጂ አይጨምርም። ሳጥኑ ክሩ ላይ ያለውን ያወጣል፤ የሌለውን ሊያመጣ አይችልም። እትዬ ካቆመች በኋላ ክሩ ላይ የሙቀጫ ድምፅ የለም። ቢኖርና ባወጣልዎ፣ እድሜዬን በሰጠሁ።

ነገር ግን ክሩ ያልያዘውን እኔ አይቻለሁ። እርስዎ ሲደረድሩ ዓይንዎን ስለሚጨፍኑ አላዩም። እርስዎ «በቃሽ» ሲሏት እትዬ አልተቆጣችም። ዘነዘናውን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እዚያው ሙቀጫው አጠገብ በበሩ በኩል ተቀመጠች። አቧራው እንዳይነሣ ጌሾውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። እስከ መጨረሻው ከዚያ አልተነሣችም። ወፍራሙ አውታር በመጣ ቁጥር ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ በመካከሉም በክንዷ እንባዋን ጠረገች፤ ጣቷ ጌሾ ነክቶት ነበርና። ሲጨርሱ እኔ መሣሪያውን አጠፋሁ፤ እርስዎም በገናውን ሰቅለው ለማኅሌት ወጡ። እትዬ ግን ተቀምጣ ቀረች። ቆይታ «ልቀጥል ይሆን? ጨርሰዋል?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔ ሻንጣዬን ሳስር አልመለስኩላትም።

ያን ሁሉ በገና ስትሰማ ነበር፣ አጎቴ። እስከ መጨረሻው ይስሙት፤ እሷ እዚያ አለች።

ልጅዎ ስማቸው


ሞጣ፣ ጥር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስማቸው፤

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል። ያሳለፈን አምላክ አንተንም ያሳልፍህ።

ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ዘነዘናው ጉልበቷ ላይ እንዴት እንደነበር ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ፋንታን ጥሪው፤ የስንዝሩን ይመልሰው» አሉ። ሻልህን ሳጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት።

ያን ቀን ክሩን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። «ኧረ በቃሽ!»። ክሩን ለመመለስ እጄን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን «ተዪው፣ ይሂድ» አሉ። ከወራት በኋላ በገናውን ሰሙ። ወፍራሙ አውታር ሲመጣ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ በሩን ያዩ ነበር። ፋንታም ቆሞ ነበር፣ ገብረ ሕይወትም።

ክሩ አለቀ፤ ሳጥኑም ዝም አለ። አባባ ወደ በርጩማው ዘወር አሉ።

«ጨርሻለሁ፣ ሀብትዬ» አሉ። «በይ ቀጥዪ።»

እህትህ ይርጋነሽ